አያቴ ጌም ውስጥ ስትገባ ፕላስቲክ ሆነች

የምክር ዓምድ

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር። 20 ዓመቴ ነው። የምማረው ኮምቦልቻ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ቤት እመጣለሁ። ድሮ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ በሚባለው ጌም ላይ የዋናውን ገጸ ባሕሪ የሲጄን ልብስ እየቀየርኩ የብሔራዊ ቡድናችንን ማሊያ አለብሰው ነበር። በዚያው ሱስ ሆነብኝ። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የራሳችንን ትንሽ ጌም እየሠራን ነው። አንዲት አሮጊት ከሰኞ ገበያ ዘንቢሏን ይዛ በጭጋግ ውስጥ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ጨዋታው እሱ ነው። አሮጊቷን የቀዳኋት ከአያቴ ነው። ነጠላዋን፣ አንገቷ ላይ ያለውን ንቅሳት፣ አረማመዷን ሳይቀር።

ሦስት ወር ብሌንደር (ቅርጽ መሥሪያው ፕሮግራም) ላይ ለፋሁባት። እዚያ ላይ ስትታይ ታምራለች። ጎዶት (ጌሙን የምንሠራበት ፕሮግራም) ውስጥ ሳስገባት ግን ጉድ ፈላ። ነጠላዋ ፕላስቲክ መሰለ። እጇን ስታነሳ ትከሻዋ ይሰረጉዳል። ፊቷ አመድ የተነፋበት ይመስላል። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፤ እሷ ብቅ ስትል ጌሙ ይንቀራፈፋል። ቅርጿ የተገጣጠመበትን ስቆጥር 180 ሺህ ሦስት ማዕዘን አላት። ቴክስቸሮቿ (ላይዋ ላይ የሚለበሱት ሥዕሎች) ሰባት ናቸው፣ ሁሉም 4096 በ4096 ነጥብ።

አንዱ ጓደኛዬ ‹ከትልቅ ጌም ውስጥ የወጣ ሞዴል አውርደን ነጠላ እናልብሰው፣ ደሴ ድረስ መጥቶ ማን ይይዘናል?› ይላል። ደስ አላለኝም። ግን ደክሞኛል። ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ግራ የገባኝ፣ ከቧንቧ ውሃ»

ወንድሜ፣ አብሽር።

አትተው። ግን እንዳለችም አትቀጥላት።

180 ሺህ የምትለዋ ላይ ስደርስ ሳቅሁ፤ ይቅር በለኝ። ሁላችንም እዚያ አልፈናል። የኔ የመጀመሪያ ሰውዬ ጌም ውስጥ ሲገባ በጀርባው ተንጋሎ እየተንሳፈፈ ነበር የሚሄደው። ጓደኞቼ «ጀናዛው» ብለው ስም አወጡለት። ብሌንደር ላይ አዙሬውና አሳድጌው ያንን «አፕላይ» ሳላደርግ ነበር ኤክስፖርት ያደረግሁት። ኮንትሮል ኤ መጫን ነበር የቀረኝ። እሱን ለማወቅ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የጓደኛህን ሐሳብ እንጨርሰው። ቤትህ ቁጭ ብለህ የሲጄን ማሊያ መቀየር አንድ ነገር ነው። የሌላ ሰው ሞዴል ከጌሙ ውስጥ አውጥቶ በራስ ጌም አድርጎ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ሞዴሉ ባለቤት አለው። ጌማችሁን ኢንተርኔት ላይ የጫናችሁ ቀን ደሴ መሆናችሁ አይደብቃችሁም፤ ባለቤቱ አቤት ካለ ያወርዱታል፣ የእናንተም ልፋት አብሮ ይወርዳል። ይሄን ሁሉ ተወውና ሥራውን ብቻ እይ። የወጣው ሞዴል የአንድ ጎረምሳ ተዋጊ ሰውነት ነው እንበል። ነጠላ አለበስከው። ነጠላ የለበሰ ተዋጊ ሆነ እንጂ አሮጊት አልሆነም። ትከሻው ሰፊ፣ አንገቱ ወፍራም፣ አጥንቱ ለሌላ እንቅስቃሴ የተሰካ ነው። እሱን ለማስተካከል የምታጠፋው ጊዜ የራስህን ከመሥራት አያንስም።

ለገበያው ግርግር፣ ከኋላ ለሚያልፉት ሰዎች ግን ከባዶ መነሳት የለብህም። ሜክሂዩማን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ውፍረት እየጎተትክ ሰው ታወጣበታለህ፤ ያወጣኸውን ሞዴል ደግሞ ያለ ምንም ክፍያና ቅድመ ሁኔታ እንድትጠቀምበት ተፈቅዷል። ለገበያተኞቹ እሱ ይበቃል። ያንተ እጅ አሮጊቷ ላይ ይዋል።

አሁን ወደ እሷ። (አያትህን አንቱ እላቸዋለሁ፣ ሞዴሏን አንቺ። እንዳንምታታ።)

ሳን አንድሪያስ ላይ ነገሩ የቀለለህ ከባዱን ሥራ ሌላ ሰው ስለጨረሰልህ ነው። ሥዕሎቹ ያሉበትን ቲኤክስዲ ፋይል ከፍተህ ሥዕሉን ቀየርክ፣ አለቀ። ሥዕሉ ገላው ላይ የት እንደሚያርፍ አስቀድሞ ተቆርጦና ተሰፍቶ ነበር። አሁን ቆራጩም ሰፊውም አንተ ነህ። ዩቪ የሚሉት ይሄንኑ ነው። የተሰፋ ቀሚስ ወስደህ ስፌቱን ፈትተህ ጠረጴዛ ላይ ብትዘረጋው የሚታይህን አስብ። ጥሩ ልብስ ሰፊ ስፌቱን ደረት መሃል አያሳርፍም፤ በጎን፣ በብብት ሥር ይደብቀዋል። አንተም እንደዚያው። የጭንቅላቷን ስፌት ከኋላ በኩል አድርገው፣ ነጠላው ይሸፍነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጣጣ አለ፣ ያንተን ሞዴል በቀጥታ የሚነካ። ብዙ ሰው ቦታ ለመቆጠብ የፊቱን ግራና ቀኝ አንድ ላይ ደርቦ አንዱን ግማሽ ብቻ ይሥላል። ለእጅና ለእግር ጥሩ ዘዴ ነው። አንገት ላይ ግን ንቅሳት አለ ብለኸኛል። ንቅሳት በእጅ የተወጋ ነገር ነው፣ ግራው ከቀኙ እኩል አይሆንም። ከደረብከው በመስታወት እንደታየ ሆኖ ይወጣል፤ ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ባይገባውም «ይሄ ውሸት ነው» ይልሃል። ስለዚህ ፊትና አንገትን አትደርብ። እንዲያውም ከቴክስቸሩ ላይ ትልቁን ቦታ ለእነሱ ስጥ። ቀሚሱ ሥር ያለው ጉልበት ቦታ ምን ያደርግለታል?

እንዲያውም ጉልበቱን ለምን ሠራኸው? ቀሚስ ከለበሰች ከቀሚሱ ሥር ያለውን ገላ ሰርዘው። ነጠላው ሥር ያለውን ጀርባም እንዲሁ። ቆዳው በልብሱ በኩል ብቅ ማለቱ ያቆማል፣ ሦስት ማዕዘኑም ይቀንሳል። ከ180 ሺው ግማሹ ሹሩባው ላይ እንዳለ ብወራረድ አልፈራም። አያትህ ሻሽ አድርገው ነጠላቸውን ከላይ ጣል ካደረጉ ፀጉራቸውን ማን ያያል? ከግንባር ላይ ሦስት አራት ጉንጉን ብቅ ይበል። ይበቃል።

ሦስቱን ወር ግን አልጣልከውም። ያቺ 180 ሺህ ሦስት ማዕዘን ያላት ሞዴል ጌም ውስጥ የምትገባው አይደለችም፤ እሷ ዋናዋ ቅጂ ናት። በላይዋ ላይ ሌላ ቀለል ያለ ሞዴል ትሠራለህ፣ ልክ እንደ ሸማ ትለብሳለች ብለህ አስብ። ለላፕቶፕህ ከ8 ሺህ እስከ 10 ሺህ ሦስት ማዕዘን በቂ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሲሶው ለፊቷ ይሁን። ከዚያ የትልቋን የፊት መጨማደድ፣ የሻሹን እጥፋት፣ የሹሩባውን መስመር «ቤክ» አድርገህ ወደ ትንሿ ኖርማል ማፕ ታስተላልፋለህ። ኖርማል ማፕ ብርሃኑን የሚያታልል ሥዕል ነው፤ ሜዳውን ወጣ ገባ ያስመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኩዌክ የሚባል ጌም ሰዎቹን በጥቂት መቶ ሦስት ማዕዘን ነበር የሠራቸው፤ ያኔ ጌም ውስጥ ይሄ ዘዴ አልነበረም። አንተ አለህ።

ኖርማል ማፕ ከኢንተርኔት የምታወርድ ከሆነ ተጠንቀቅ። ሁለት ዓይነት ነው፤ ኦፕን ጂኤልና ዳይሬክት ኤክስ በሚባሉት የግራፊክስ አሠራሮች ይጠራሉ። ብሌንደርና ጎዶት የሚጠቀሙት የኦፕን ጂኤሉን ነው። የዳይሬክት ኤክሱን ካስገባህ ጎድጓዳው ጉብታ፣ ጉብታው ጎድጓዳ ሆኖ ይታያል። ፊቷ ላይ ያለው መጨማደድ ጅማት ይሆናል። መድኃኒቱ የሥዕሉን አረንጓዴ ቻናል (የቀለም ንብርብር) መገልበጥ ነው፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን መንቀራፈፉ። ሦስት ማዕዘኑ ብቻ አይደለም ጥፋተኛው። ፋይሉ ዲስክ ላይ 3 ሜጋ ነው ብለህ አትታለል። ጌሙ ሲከፍተው ሌላ ነው። 4096 በ4096 የሆነ አንድ ሥዕል ሳይታመቅ ሲከፈት 64 ሜጋባይት ይይዛል። ሰባቱ 448 ሜጋባይት። ለርቀት የሚዘጋጁት ትንንሽ ቅጂዎች ሲጨመሩ ደግሞ ሲሶ ያህል ይጨምራል፣ ወደ 600 ሊጠጋ ነው። ላፕቶፕህ የራሱ የግራፊክስ ካርድ ከሌለው ይሄ ሁሉ የሚበላው ከዚያችው ከ4 ጊጋህ ነው። ዊንዶውስም ከዚያው ይበላል፣ ብሮውዘርህም ከዚያው ይበላል። ለአንዲት አሮጊት!

1024 በ1024 ብታደርገው አንዱ 4 ሜጋባይት ብቻ ነው። ለፊትና ለአንገት አንድ፣ ለልብስና ለሌላው አንድ። ለእያንዳንዳቸው ቀለም፣ ኖርማልና ሻካራነት (ቁጥሩ ዝቅ ሲል ያብለጨልጫል፣ ከፍ ሲል ይደበዝዛል)፤ ስድስት ሥዕል፣ 24 ሜጋባይት። ጎዶት ውስጥ ማመቅ ከመረጥክ ከዚህም በጣም ይወርዳል። ስክሪን ላይ ልዩነቱን ፈልገህ አታገኘውም። ደግሞ ጌምህ በጭጋግ ውስጥ ነው! የድሮ ጌሞች ማሽኑ ሩቁን መሣል ሲያቅተው ሆን ብለው ጭጋግ ይለቁ ነበር። አንተ ደሴን መርጠህ ሰበቡን በነፃ አገኘኸው። የጦሳን ተራራ በሙሉ አትሥለውም፤ ሰው አያማህም።

ጎዶት 4 ከሆነ የምትጠቀመው ፕሮጀክቱን «ኮምፓቲቢሊቲ» በሚለው አሠራር ክፈተው፤ ለአቅመ ደካማ ማሽን የተዘጋጀ ነው። ብሌንደርም ከ4.0 ወዲህ ያለው አሮጌ ግራፊክስ ላይ አልከፍትም ካለህ 3.6ን አውርድ። ጓደኞችህም ያንኑ ይጫኑ። በአዲሱ የተሠራ ፋይል በአሮጌው ሲከፈት የሚመጣውን ንትርክ እኔ አውቀዋለሁ።

ነጠላው ፕላስቲክ የመሰለበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ሻካራነቱ። ብሌንደር ላይ ካልነካኸው 0.5 ላይ ይቀመጣል። ያ የተወለወለ ነገር ነው። ጥጥ አያብለጨልጭም፤ ወደ 0.9 አውጣው። ሁለተኛው ነጩ። ነጠላ ነጭ ነው ብለህ ነጩን እስከ ጫፍ ወስደኸው ይሆናል። ከ255 ወደ 220 አካባቢ አውርደው፣ ትንሽ ቢጫ ጠብ አድርግበት። ነጩ ጫፍ ከደረሰ ብርሃን ሲያርፍበት የሚጨምርበት ቦታ ያጣል፤ እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋል።

ነጠላ ስስ ነው ብለህ ደግሞ በሙሉ አሳላፊ አታድርገው። አሳላፊ ነገር ሲደራረብ ጌሙ የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደሆነ ይጠፋበታል፤ የነጠላው ጀርባ ከፊቱ ቀድሞ ይታይሃል። ድፍን አድርገው። ዘርዛራው ክር ብቻ፣ ጫፉ ላይ ያለው፣ «አልፋ ሲዘር» በሚባለው ይቆረጥ። ይሄኛው ወይ አለ ወይ የለም ነው፣ መሃል ቤት የለውም።

ጥበቡንስ? እባክህ ጥለቱን በሙሉ በእጅ አትሣለው። ጥለት ራሱን ይደግማል፤ ሸማኔውም እንደዚያው ነው የሚሠራው። አንዱን ድግግሞሽ ብቻ አንሳው፣ ጠባብ ሰቅ አድርገው፣ የነጠላውን ጠርዝ ዩቪ ቀጥ አድርገህ በዚያ ሰቅ ላይ አሰልፈው። እስከ ፈለግህበት ድረስ ይቀጥላል። ትንሽ ቦታ ይዞ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ፊቷ አመድ የሆነው ግን ይበልጥ አናደደኝ። አንተ ላይ ሳይሆን ያገኘኸው ትምህርት ላይ። ምን እንዳደረግህ ልገምት፤ የነጭ ሰው ቆዳ ቴክስቸር አውርደህ ጥቁር እየጨመርክ አጠቆርከው። አይደል? አብዛኛው ቪዲዮ የሚያስተምረው እሱን ነው። እኛ ለቆዳ ስንት ስም አለን! ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። ጠይምነት ከጥቁር ቀለም አይገኝም፤ ቡኒውና ቀዩ ናቸው የሚሠሩት። ጥቁር ስትጨምር ቀዩ ይሞታል፣ የቀረው ግራጫ ነው። ከባዶ ጀምር። ከሞቀ ቡኒ ተነሳ። ከንፈርና የዓይን ዙሪያ ይጥቆር። ጉንጭ ላይ ቀይ ይግባ። መዳፍና የእግር ሥር ይንጣ፤ ይሄን የሚረሳው ብዙ ነው። እጃቸው ላይ ሂና ካለ ደግሞ እሱንም አትርሳ።

የጠይም ሰው መልክ የሚወጣው ከቀለሙ ይልቅ በሚያብለጨልጨው ነው። ግንባርና አፍንጫ ላይ ሻካራነቱን ወደ 0.4 አውርደው፣ ሌላው ፊት 0.6 አካባቢ ይሁን። ቅቤ የተቀቡ ቀን ከሆነማ ከዚያም በታች። ንቅሳቱን ከላይ እንደ ቀለም አትለጥፈው፤ ቆዳ ሥር ነው ያለው። ጥቁር ሳይሆን የደበዘዘ ሰማያዊ አረንጓዴ ነው፣ ጠርዙም ዓመታት ፈዘዝ አድርገውታል።

ትከሻውን በአጭሩ። ሞዴሏ እጇን ግራና ቀኝ ቀጥ አድርጋ ዘርግታ ከቆመች ወደ ታች ግማሽ መንገድ አውርደው፤ አሮጊት እጇን ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ነው የምትይዘው፣ ጥሩ ቅርጿ እዚያ ይሁን። መታጠፊያ ባለበት ሁሉ፣ ክርንም ጉልበትም፣ ቢያንስ ሦስት ቀለበት መስመር ይዙርበት። ሁለት ከሆነ እንደ ላስቲክ ቱቦ ይሰበራል። የገላውን የአጥንት ክብደት (የትኛው አጥንት የትኛውን ቦታ ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ) ከጨረስክ በኋላ ወደ ነጠላው ቅዳው፣ ለየብቻ አትቀባቸው። የተንጠለጠለው የነጠላ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ትርፍ አጥንት ስካ፤ ስትራመድ ወዝወዝ ይላል። የጨርቅ ሲሙሌሽን የሚባለውን ላፕቶፕህ አይችለውም፣ አትሞክረው።

ደግሞ መብራት ይሄዳል። አንተም ታውቃለህ። ኮንትሮል ኤስ እጅህ ላይ ይሁን፤ በየቀኑ ፋይሉን በአዲስ ቁጥር አስቀምጠው። ብሌንደር ራሱ በየሁለት ደቂቃው ያስቀምጣል ብለህ አትመካ፣ ቅርጽ እየቀረጽክ ባለህበት ሰዓት ያለውን ላያስቀምጥ ይችላል።

ከየት ልጀምር ካልከኝ፣ ከኮምፒውተሩ ውጭ ጀምር። የቀለሙ ሥዕል ውስጥ ጥላ መኖር የለበትም፤ ጥላውን የሚጥለው ጌሙ ነው። ጥላ ያለበት ፎቶ ካስገባህ ጌም ውስጥ ፀሐይዋ በቀኝ ሆና ነጠላው ላይ ያለው ጥላ ደግሞ ሌላ ፀሐይ ያሳያል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ በቀትር ፀሐይ ፎቶ አታንሳ። ይሄን ፎቶ ለማንሳት የውጭዎቹ ባለሙያዎች ደመናማ ቀን ይጠብቃሉ፣ ካልሆነም በመብራትና በነጭ ጨርቅ ያንኑ ብርሃን ለማምጣት ይደክማሉ። ደሴ ደጅህ ላይ አምጥታ ታፈስልሃለች።

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሳ፣ ከሦስት ሰዓት በፊት፣ አያትህን አስፈቅዳቸው። ፎቶው ለምን እንደሆነ ንገራቸው፤ ጌም የሚለውን ባይረዱት ሞዴሏን አሳያቸው። ነጠላውን በረንዳ ላይ ጠፍጥፈህ አንጣው። ጎኑ ላይ ነጭ ወረቀት አስቀምጥ፣ ቀለሙን በኋላ የምታስተካክልበት። የስልክህን ፍላሽ አጥፋ፣ ከላይ ቀጥ ብለህ አንሳ፣ ስልኩን አታጋድል። ጥለቱን ለብቻ ቀርበህ። ከዚያ ከፈቀዱ አንገታቸውን፣ ከፊት፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ንቅሳቱን ማን እንደወጋቸውና ስንት ዓመታቸው እንደነበር እግረ መንገድህን ጠይቃቸው። ሲያወሩ ፊታቸው የት የት እንደሚጨማደድ እያየህ።